ጫማ የሚወልቅበት በር

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ባሕር ዳር በተመደብሁ በዓመቱ፣ ከጎንደር ስመለስ የተሳፈርሁበት አውቶቡስ ሐሙሲት አጠገብ ተገለበጠና ቀኝ እግሬን ከጉልበቴ በታች አጣሁ። አዲስ አበባ ታክሜ፣ በሰው ሠራሽ እግር መራመድ ተምሬ ተመለስሁ። መራመዱን ቻልሁት፤ ሰው ፊት መውጣቱን ግን አልቻልሁም። ከቀበሌ ስብሰባ መቅረት በሚያስጠይቅበት በዚያ ዘመን በእግሬ እያመካኘሁ እቀር ነበር። ከሰርግም ቀረሁ። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ከቅጥሩ ውጭ ተሳልሜ እመለሳለሁ። ሰው ትሕትና ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ጫማዬ ነው። ባለሙያው የእንጨት እግሬን ያስተካከለው በባለ ተረከዝ ጫማዬ ልክ ስለ ነበር፣ ጫማው ሲወልቅ ወደ ኋላ ይጥለኛል። ደግሞ ያንን እንጨት ማን ያሳያል?

ፋብሪካ የምትሠራው ጎረቤቴ ሴት ልጅ ወለደችና፣ «ክርስትና የምታነሺልኝ አንቺ ነሽ» አለችኝ።

«ብጥላትስ?»

«እኔስ በሁለት እግሬ መች አልጣልኋትም? ደግነቱ አልጋ ላይ ነው።»

እምቢ ማለት አፍሬ የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድሁ፤ እሳቸው ይከለክሉልኛል ብዬ ነበር።

«አባቴ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ ብገባስ?»

«ጫማው ይቀራል ልጄ። እግሩ ይገባል።»

«እንጨት እኮ ነው፣ አባቴ።»

«መቋሚያዬስ ምንድን ነው? በእንጨት ተደግፎ ማመስገን ለእኛ አዲስ ነው እንዴ?»

ከዚያ በኋላ ጤፍ የሞላ ከረጢት ታቅፌ ጓዳ ውስጥ ያለ ጫማ ስመላለስ ሰነበትሁ። ጎረቤቴ ካልሲዬ ውስጥ፣ ተረከዙ ላይ የሚገባ ወፍራም ጨርቅ ደራርባ ሰፋችልኝ። ወደ ኋላ መጣሉ ቀነሰ እንጂ አልተወኝም።

በሰማንያኛው ቀን፣ ሐይቁ ዳር ባለችው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጫማዬን አወለቅሁ። ሁለት ሴቶች አዩ፤ ከዚያ ዞር አሉ። ይኸው ነው።

ክርስትና ቤቱ ውስጥ ወለሉ እርጥብ ነበር። ቄሱ ሕፃኗን ከውኃው አውጥተው ሲሰጡኝ እያለቀሰች ተራገጠች። ጤፉ እንደዚህ አይራገጥም። ተረከዜ ከዳኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ሰው እንዳያየኝ ስጠነቀቅ የኖርሁት ሴትዮ፣ ጮክ ብዬ «ያዙኝ!» አልሁ።

እነዚያው ሁለት ሴቶች በግራና በቀኝ ደገፉኝ። ልጅቱ ከክንዴ አልወጣችም። ሦስታችን እንደ ተያያዝን ወደ ውስጥ አለፍን፤ የክርስትና ልጄ ቆረበች።

ድግሱ ላይ ከሴቶቹ መካከል አስቀመጡኝ። ከደገፉኝ አንዷ እርጉዝ ነበረች።

«የእኔም ሴት ከሆነች አንቺው ነሽ የምታነሺልኝ» አለች።

«እሺ። መንታ ከሆኑ ግን ለአንዷ ሌላ ሰው ፈልጊ።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። በሰው መካከል ቀልድ ተናግሬ አላውቅም ነበርና፣ ደንግጬ ፊቴን በጠላው ብርጭቆ ሸፈንሁ።