የጥሩንባው ስብራት

ጥቅምት ውስጥ ነበር፤ ሐሙስ ቀን። ከላሊበላ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው መንገድ በኩል ያለው የእኛ መንደር ሰው፣ ክረምቱ ያፈረሰውን የገደል መንገድ ሲጠግን ዋለ። ማዶ ያሉት ሰዎች ወደ ቤተ ክርስቲያናችን የሚሻገሩት በዚያ ነው። ታላቅ ወንድሜ ከፊት ድንጋይ ይፈነቅላል፤ እኔ ከኋላ እደረድራለሁ። አያ ነበር የምለው።

ሥራው ሲያበቃ የመበተኛውን እንድነፋ ጥሩንባውን አቀበለኝ። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን፤ አያ የቅሬያችን ጥሩንባ ነፊ ነበር። ሽማግሌዎቹ ዳኛ ሊያደርጉት ፈልገው ነበር። እሱ ግን ተቀምጦ መፍረድ አይሆንልኝም፣ የሚያስሮጥ ሥራ ስጡኝ ብሎ ጥሩንባውን ወሰደ።

ነፋሁ። መጨረሻው ላይ ድምፁ ልክ እሱ ሲነፋ እንደሚሆነው ቅንጥስ አለ። ሳቀብኝ።

«ስብራቱን ተወው» አለኝ። «እሱ የጥሩንባው አይደለም፤ የጥርሴ ነው።»

እንግዶች እየመራ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ሲወጣ በቅሎ የፊት ጥርሱን ረግጣ ሰብራበታለች። እኔ ግን ከልጅነቴ የሰማሁት እንደዚያ ስለሆነ፣ የሞት ጥሪ ሁሉ እንደዚያ የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር።

ስለ እሱ ብዙ መናገር ይቻላል። እኔ አልችልበትም፤ የመጣልኝን ልጻፍ። በወጣትነቱ ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ሄዶ፣ ሲመለስ መኪናውን ትቶ ተከዜን በእግሩ ተሻግሮ መጣ። ለምን ሲሉት፣ ወንዙን ከድልድይ ላይ ማየት ሰለቸኝ አለ። ማንም በማይደፍረው ገደል ላይ ቀፎ ይሰቅላል። ሚስቱ ትቆጣዋለች፤ እሱ የመጀመሪያውን ማር ያጎርሳታል፣ ቁጣዋም እዚያው ያልቃል። ደክሞት ሲገባ እንኳ ትንሿን ልጁን ትከሻው ላይ ሳያወጣ አይቀመጥም። ለቅሶ ቤት ውሃ የሚቀዳውም እሱ ነበር። የሴት ሥራ ነው ሲሉት፣ ሐዘን ወንድ ሴት አይልም ይል ነበር።

በማግሥቱ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቀፎዎቹን ሊያይ ወረደ። የወረደበት ገመድ አልከዳውም። ከላይ ድንጋይ ተናደበት። ጎረቤቶች ማታ ተሸክመው ሲያመጡት ነፍሱ የለችም።

ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቷል፤ መልእክተኛ በእግሩ ሄዶ እነሱም እስኪመጡ ቀብሩ ያልፋል። ማዶ ያሉት ካልሰሙ ያለ እነሱ ሊቀበር ነው። መንገዱን ሲጠግንላቸው የዋለ ሰው፣ በዚያው መንገድ መጥተው ሳይሰናበቱት አፈር ሊገባ ነው። እኔን ያላስቀመጠኝ ይኼ ነው።

ቅዳሜ ሲነጋጋ የቅሬው ዳኛ ራሳቸው ጥሩንባውን ሞከሩ። አዛውንት ናቸው፤ ትንፋሻቸው ገደሉን አልተሻገረም። ሌላ ሰው ተቀበላቸው፤ እሱም አልሆነለትም። እኔ ተነሣሁ። በእኛ ዘንድ ሐዘንተኛ ይቀመጣል እንጂ ጥሩንባ አይነፋም።

«አንተ ተቀመጥ ልጄ» አሉኝ ዳኛው። «ዛሬ የምንሮጠው እኛ ነን።»

«ማዶ አልሰሙም፣ አባባ።»

ወደ ገደሉ አዩ። ጥሩንባውን ሰጡኝ።

አያ ይቆምበት በነበረው ቋጥኝ ላይ ወጣሁ። ስብራቱን ልተወው አስቤ ነበር። አልሆነም። ትንፋሼ መጨረሻው ላይ እንደሱ ተቀነጠሰ። ደግሜ ብነፋም ያው ነው።

ማዶ በሮች ተከፈቱ፤ ሰው ወጣ። አንድ ሰውዬ እጁን በአፉ ዙሪያ አድርጎ ተጣራ። የጠራው ግን እኔን አይደለም፤ ወንድሜን ነው፣ በስሙ።

«ሰምተናል» አለ። «ማነው የሞተብን?»

ስብራቱን ሲሰሙ እሱ ነው ብለዋል። እሱ ከነፋ ደግሞ የሞተው ሌላ ሰው ነው። መልስ እስክሰጣቸው ድረስ ማዶ እሱ በሕይወት አለ። ሰውዬው ግን መልሶ ጠየቀ፤ ከኋላው ሴቶቹ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ነበር።

ልማዱ የሚያዘው ጥሩንባውን ዝቅ አድርጎ የሟቹን ስም መጥራት ነው። ዝቅ አደረግሁት። የጠሩኝበትን ያንኑ ስም መልሼ ጠራሁ።

አላመኑኝም። ደግሜ ጠራሁት።