ሰባት ቤት በኢሜይል

ዛሬ ጠዋት ለልጄ «የገዴራው አበረ እስካሁን ጉራውን አልተወም» ብዬ ጻፍኩና ኢሜይሉን ለራሱ ለአበረ ላክሁት። መነጽሬ ጠፍቶብኝ ነበር፤ ኋላ ግንባሬ ላይ አገኘሁት።

ጸጉሬ ሳይሸብት ግን ኢሜይል የምልከው ዐይኔን ገልጬ፣ ልቤን ጨፍኜ ነበር።

ከአገር ቤት መጥተን በሰፈርንባት በዚችው በቂርያት ማላኪ ከተማ ሆኜ ለወጣቶች የኢሜይል ኮርስ አዘጋጀሁ። እኛ ዘንድ ሁለት ሰዎች ሊጋቡ ሲያስቡ እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጠራል፤ ዘመድ ሆነው ከተገኙ ነገሩ እዚያው ያበቃል። እዚህ የተወለዱት ልጆች ግን ቆጠራቸው ከአያት አያልፍም። ኮምፒውተሬ ፊደላችንን ስለማያውቅ አማርኛውን በዕብራይስጥ ፊደል እየጻፍኩ በየሳምንቱ አንድ አንድ ትምህርት እልክ ነበር። ለወገን ተቆርቋሪ መስዬ ነበር፤ ዋናው ነገር ግን ላገባት የምመኛት የያቭኔ ከተማዋ ማልካ እንድታደንቀኝ ነበር። ተመዘገበችልኝም።

ከዚያ ማልካን እንደኔው የሚመኛት አበረ ያንኑ ኮርስ ከፈተ። እኔ ማስታወቂያዬን በየአውቶቡስ ፌርማታው ስለጥፍ፣ የብርቱካን አበባ የሚያውድበት የጸደይ ነፋስ እየገነጠለ እርሻ ውስጥ ይበትንብኛል። እሱ ምን አደረገ? ያቭኔ ሰርግ ላይ ማይክሮፎን ተቀብሎ የሙሽራውን ሰባት ቤት በቃሉ ዘረገፈው! ሽማግሌዎቹ «ተባረክ!» አሉት። ማልካ ምግቧን ትታ አጨበጨበች።

«አያ ታከለ፣ የሱ ኮርስ እኮ ያስቃል» አለችኝ። «ያንተም ቤሰደር ነው፤ ግን ፈተና ይመስላል።»

ቤሰደር! ደህና ነው ማለቷ እኮ ነው። ከሚጥሚጣ ይልቅ አቃጠለችኝ።

ጉዱን ልየው ብዬ «ዘውዲቱ» በሚል ስም አበረ ዘንድ ተመዘገብኩ። ለካ እውነትም ያስቃል! እየሳቅሁ፣ መሳቄን እየረገምኩ አነበብኩት። የቤት ሥራው የአባትን ወገን ቆጥሮ መላክ ነበር። የራሴን ስም መዋሸት አልከበደኝም፤ የሰው አያት ጠርቼ «አያቴ» ማለትን ግን አንጀቴ እምቢ አለ። እውነተኞቹን ጻፍኩ።

የአበረ መልስ ወዲያው መጣ፦

«እቴ ዘውዲቱ፣ በእነዚህ አባቶች የሚጠራ አንድ ቀናተኛ ወንድ ቂርያት ማላኪ ውስጥ አውቃለሁ። ለማንኛውም አምስተኛው ቤት ላይ እኔና አንቺ በአንድ አያት እንገናኛለን። ማልካም የቤት ሥራዋን ልካለች፤ እሷም የእኚሁ ሰው ዘር ናት። ያላ፣ በቃ ወንድሜ፣ እሷን ማግባት ለሁለታችንም ቀርቶብናል።»

ራሴ ባስተማርኩት ትምህርት ራሴ ወደቅሁ። ሐዘኔ ጥልቅ ነበር። ኋላ ግን ማልካ ለእሱም እንደቀረችበት ትዝ አለኝና ተነስቼ እራቴን በላሁ።

ዛሬ ለስድቤ የላከው መልስ ከቀትር በፊት ደረሰኝ፦ «ጉራዬን ተዪውና የእናትሽን ወገን ላኪ፣ ዘውዲቱ። የመጨረሻው የቤት ሥራ አልደረሰኝም።»

እውነቱን ነው፣ ያ የቤት ሥራ እስካሁን አለብኝ። ስሞቹን አጥቼ አይደለም። በእናቴም በኩል ወንድሜ ሆኖ ከተገኘ፣ ከዚህ በኋላ በማን ልቀና ነው?