በእጣቢ ሊደርቅ የነበረው ጥዳችን

አቆጠቆጠ! ኮሚቴው «ደርቋል፣ ይቆረጥ» ያለው የግቢያችን ጥድ ዛሬ ጠዋት አቆጠቆጠ! የልደታ ኮንዶሚኒየም ሰው፣ ውጡና እዩልኝ!

ከፋሲካ በኋላ ሥሩን ስቆፍር አፈሩ በረኪና በረኪና ሸተተኝ።

ለካ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ አስካለ ጥዱ ሲገረጣ አንጀታቸውን እየበላቸው፣ የልብስ እጣቢያቸውን ተሸክመው እየወረዱ ያጠጡት ነበር። ሲብስበት ደግሞ ይጨምሩለታል። (ትንሽ ቀነስ አድርገው ቢያዝኑለት ኖሮ እኮ ይሄኔ ደህና ነበር!)

«ውሃ በጠፋበት ሰፈር ምን ላጠጣው ልጄ?» አሉኝ።

ኮሚቴውን ለምኜ አፈሩን ቀየርንለት።

ዛሬ ለጋውን ቅጠል ሳሳያቸው እልልታውን አቀለጡት። ከዚያ ወደ ቤታቸው ወጡና ለመጠጥ ያስቀመጧትን አንዲት ጀሪካን ይዘው ወረዱ።

እናንተስ ግቢ በአዘኔታ ብዛት ሊሞት የነበረ ምን አለ?