ቢጫ ጣት

የሰፈሩ ሰው «ቢጫዋ» ይላታል። እርድ የነካው ጣቷ ከዓመት ዓመት አይጠራም። የላቦራቶሪ ሠራተኛ ናት። የበቆሎ ፕሮቲንን ከእርድ ከወጣ ቢጫ ንጥረ ነገር ጋር በአልኮል ታሟሟለች፤ ከዚያ በሚሽከረከር ውሃ ላይ ታንጠባጥበዋለች። ፕሮቲኑ ውሃ ሲነካው ተኮማትሮ፣ ቢጫውን በሆዱ ይዞ፣ ዓይን የማያየው እንክብል ይሆናል። ቢጫው ሴልን ከጉዳት ይከላከላል ይባላል፤ ብቻውን ሲዋጥ ግን መንገድ ላይ ይበላሻል። ተሸካሚ ያሻዋል።

እሷም ተሸካሚ ነበረች። ታናሽ ወንድሟን ዋስ ሆና የላቦራቶሪው ዘበኛ አድርጋ አስቀጥራዋለች። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ እሱ መጠጥ ይወዳል፣ ቡጢም ይቀናዋል። እናታቸው ስለ ሰንበሯ ስትጠይቅ የእህትየው መልስ ሁሌ አንድ ነው፤ «ወድቄ ነው።»

በዚያ ሳምንት ፕሮቲኑ ሦስት ጊዜ አልሟሟ ብሎ እንደ ማስቲካ ብልቃጡ ሥር ተጣበቀ። አለቃዋ፣ ሽማግሌው ፕሮፌሰር፣ «እስከ አርብ ካልተሳካልሽ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ» አሏት። ሐሙስ ቀትር ላይ የአልኮሉን ጠርሙስ አሸተተች። ግማሹ ውሃ ነው። ያልተከፈተ ጠርሙስ ከፍታ ስትሞክር ድብልቁ እንደ መስተዋት ጠራ። ብልቃጡን እንደያዘች ወንድሟ ገባ።

«ጠጥተህ ውሃ ትሞላበታለህ?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

«ትንፋሽህ ይመሰክራል።»

«እታለም፣ አንቺ ሦስት ዓመት ውሃ ስትወቅጪ ማን ምን አለሽ? እኔ አንድ ብርጭቆ ብቀንስ አገር ይፈርሳል?»

«ለፕሮፌሰሩ እናገራለሁ።»

አፏን በቡጢ አላት። ጥርሷ ወለሉ ላይ ጠብ አለ። ፀጉሯን ጠቅልሎ ይዞ ግንባሯን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አላተመው። ብልቃጡን ግን አልለቀቀችም። እጇን ሲጠመዝዘው አንጓዋ ቀጭ አለ፤ ብልቃጡም ሲነጥቃት በመዳፉ ውስጥ ተሰባበረ። ደምና ቢጫ አብረው ወረዱ።

«በይ አሁን ንገሪ!» ብሎ ወጣ።

አርብ ጠዋት ፕሮፌሰሩ በር ላይ አገኟት። እጇ በሻሽ ታስሯል፣ ከንፈሯ አብጧል።

«ከደረጃ ወድቄ ነው። ብልቃጡም ተሰበረ።»

ዘበኛው ቀኝ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ በሩን ከፈተ። በሳሙና የተፈተጉት ጣቶቹ ከጨርቁ ወጥተው እስከ ጥፍራቸው ቢጫ ናቸው። ሽማግሌው የእሷን ጣቶች አዩ፤ የእሱን አዩ።

«ደረጃው እጅ አለው እንዴ?»

ወንድምየው እጁን ኪሱ ከተተና አፈጠጠባት። አንድ እርምጃ ተጠጋት። አልሸሸችም።

«አልወደቅኩም» አለች። «አልኮሉንም እሱ ነው የጨረሰው። ዋስትናዬን ከዛሬ ጀምሮ አንሱልኝ።»