የ«ተ» ዕለት የቀረው ዳቦ አዳይ

ሰፈሩ ሁሉ «ቀስ በል» ይለዋል። ዳቦ ጭኖ በብስክሌት ሲያልፍ፣ ደወሉ ከተበላሸ ዓመታት ስላለፉ፣ በአፉ «ቀስ በሉ! ቀስ በሉ!» እያለ ነው የሚሄደው። እሱ ራሱ ደግሞ ከሁሉም በላይ ቀስ ይላል። አንድ ጠዋት ልጅ ያዘለች ሴት በእግሯ ቀድማው፣ ዞር ብላ «አይዞህ፣ ትደርሳለህ» አለችው ይባላል።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው በፍጥነት ነድቶ የቆመ መኪና ገጨ የተባለው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። መድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት መኪኖች ተደርድረው ቆመዋል። እሱ ዳር ዳሩን ይዞ እየሄደ ሳለ፣ አንድ ቀለም ነጋዴ ስልክ እያወራ ወደ ኋላ ሳያይ የመኪናውን በር ብርግድ አደረገው። በሩ የብስክሌቱን መሪ መታ፤ ብስክሌቱ ወደ ግራ፣ ቅርጫቱ ወደ ቀኝ፣ ሰውየው ወደ ላይ። ዳቦው አስፋልቱን ሞላው። ግራ ክንዱ ተሰበረ።

ሐኪም ቤት ክንዱ በጀሶ ታሽጎ ሲያበቃ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱት። ቀለም ነጋዴው ቀድሞ ቃሉን ሰጥቶ፣ በአንድ ትንፋሽ ፈርሞ ሲወጣ አየው። ተረኛው ፖሊስ ወረቀት አቀረበለትና፣

«ትጽፋለህ ወይስ ይጻፍልህ?» አለው።

ከኋላው አምስት ሰው ተሰልፏል። ቀስ በል ደግሞ ሰው ፊት ሲናገር ላብ የሚያጠምቀው ዓይነት ሰው ነው። ከሚስቱ ጋር የጎልማሶች ትምህርት ከጀመረ ሰባት ወሩ ነው፤ «ይጻፍልኝ» ማለት «አልችልም» ማለት መሰለው።

«እ... እጽፋለሁ» አለ።

አራት መስመር ጻፈ። ፖሊሱ በዚያ መሃል ሁለት ሻይ ጠጣ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ። በገዛ እጁ ጽፎ ጥፋቱን ስላመነ፣ ብስክሌቱ ጣቢያ እንደተያዘ ይቆያል፤ የመኪናውንም በር ያሠራል ይላል። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ደግሞ «እስከ ወር መጨረሻ ቦታህን እጠብቅልሃለሁ፤ ከዚያ ግን ብስክሌት ያለው ሰው መፈለጌ ነው» ብሎታል። ለወሩ መጨረሻ የቀሩት ዘጠኝ ቀናት ናቸው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ምላሷም እንደ መርፌዋ ነው። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችና፣

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ሲባል እሰማ ነበር» አለች፤ «የሚወረሰው ብስክሌት መሆኑን ግን ማንም አልነገረኝም። ተነስ!»

እየጎተተች ነፃ የሕግ ድጋፍ ወደሚሰጥበት ቢሮ ወሰደችው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ መዝገቡ ከመደርደሪያው አልፎ ወለሉ ላይ ተቆልሏል። ጠበቃዋ ገና ወጣት ናት፤ ሌላ ወንበር ስላልነበረ የራሷን ለሚስትየው ለቅቃ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከጣቢያው የተገለበጠውን ቃል አንብባ ሳትጨርስ ቅንድቧ ተሰቀለ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ኑዛዜ ነው» አለች። «እስቲ ይስሙት። ‹ዳቦ ጭኜ ስሄድ በመኪና በር ገጨሁ። አየር ላይ ወረወርኩ። ክንዴ ላይ ሰበርኩ። በጣም ጎዳሁ።› ምን ቀረዎት? ዘረፍኩ ብቻ!»

ሚስቱ ዞረችበት። «ማንን ነው አየር ላይ የወረወርከው አንተ?»

«እኔን ነዋ!»

«ራስህን ወረወርክ?»

«ኧረ እንደሱ አላልኩም! አምጪው እስቲ።» ወረቀቱን ተቀብሎ በጣቱ እየተከተለ፣ ፊደል በፊደል ማንበብ ጀመረ። «በ-መ-ኪ-ና በር... ተ-ገ-ጨሁ። ይኸው! አየር ላይ... ተ-ወ-ረ-ወርኩ።»

ጠበቃዋ ከጠረጴዛው ወርዳ በትከሻው በኩል አየች። «ጋሼ፣ ‹ተ› የታለች?»

ጣቱ ባለበት ቆመ። ቀና አላለም።

ሚስትየው መጀመሪያ ወረቀቱን፣ ቀጥላ ባሏን፣ እንደገና ወረቀቱን አየች። «አንተ ሰው... የ‹ተ› ዕለት የት ነበርክ?»

«ጎማ ፈንድቶብኝ...» አለ ድምፁ እየሰለለ። «ያን ቀን ቀርቻለሁ።»

«ታዲያ አትጠይቀኝም ነበር?»

«በማግስቱ እኮ አንቺ ‹ቸ› ላይ ደርሰሽ ነበር። አፈርኩ።»

ከ«ተ» እስከ «ቶ» ያሉትን ሰባቱንም አያውቃቸውም። ሲያነብ በግምት ይሞላቸዋል፤ ሲጽፍ ደግሞ እንደ መንገድ ጉድጓድ ዘሏቸው ያልፋል። ሰባት ወር ሙሉ አስተማሪውም ሚስቱም ሳይነቁበት እንዲሁ ሲዘል ኖሯል።

ጠበቃዋ ሳቋን በመዳፏ ያዘች። «ጋሼ፣ ተገጨሁና ገጨሁ በአንዲት ፊደል ነው የሚለያዩት። ይህን መርማሪው ፊት ራስዎ ከተናገሩ መዝገቡ ይታረማል፤ የሕክምናዎንም ወጪ የመኪናው ኢንሹራንስ ይሸፍናል። እኔ ብናገርልዎ ግን ጠበቃ የፈጠረችው ዘዴ ነው ይሉኛል።»

ደረጃውን ሲወርዱ ቀስ በል መሃል ላይ ቆመ።

«ብስክሌቱ ይቅርብኝ» አለ። «ይህን ዕድሜ ይዤ ፖሊስ ፊት ‹ተ› አላውቅም አልልም።»

«እፍረትህ ጎማ አለው?» አለች ሚስቱ።

«ምን?»

«ጎማ አለው ወይ? ዳቦ ይጭናል?»

ጀሶውን አቅፎ ወረደ።

በማግስቱ ጣቢያ ገቡ። መርማሪው ፂሙን በደንብ የተከረከመ፣ ቶሎ የማያምን ሰው ነው። ቀለም ነጋዴውም ተጠርቶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ጠበቃዋ «ጋሼ የሚናገሩት አላቸው» ብላ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች። የሚስቱ ጫማ ጫማውን በቀስታ ረገጠው።

«አለቃ...» አለ ቀስ በል፣ ወለሉን እያየ። «‹ተ› አላውቅም።»

«ማንን?»

«‹ተ›ን። ፊደሏን። ክፍሉ እሷን የተማረ ዕለት ቀርቼ ነው።»

መርማሪው ጠበቃዋን በጎሪጥ አያት። «አሪፍ መላ ናት።»

«ያጽፏቸውና ይዩ» አለች።

ባዶ ወረቀት ቀረበ። መርማሪው ጣሪያውን አይቶ አሰበና «ጻፍ» አለ። «ትናንት ተራራ ላይ ተቀምጠን ተሳሳቅን።»

ቀስ በል ጎንበስ አለ። ምላሱ ከከንፈሩ ጥግ ብቅ ብላ ትንሽ ቆየች። ሲጨርስ ወረቀቱን በአክብሮት ገፋ አደረገለት። መርማሪው አነበበ።

«ናን... ራራ ላይ... ቀምጠን... ሳሳቅን።»

እንደገና አነበበው። ፂሙ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ሳቁ ሲያመልጠው ከውጭ ተረኛው ፖሊስ ምን ሆኑ ብሎ በሩን ከፈተ። ጠበቃዋ ሳቀች፣ ሚስቱ ሳቀች፣ ጥግ ላይ ያለው ቀለም ነጋዴም ሳቀ። ቀስ በል የሚያፍር መስሎት ነበር፤ ግን ሳቁ ወደ እሱ መጥቶ ኮረኮረው መሰለኝ፣ «ራራ ላይ!» ብሎ አብሯቸው ሳቀ።

መጀመሪያ ሳቁን ያቆመው ቀለም ነጋዴው ነው። ጉሮሮውን ጠረገ።

«አለቃ፣ እኔ ስልክ ላይ ነበርኩ። ወደ ኋላ አላየሁም። ፈርቼ በሩ ቀድሞ ክፍት ነበር ብዬ ቃል ሰጠሁ፤ በኋላ እሱ ራሱ ገጨሁ ብሎ ጽፏል ሲሉኝ ደግሞ... ካመነ ምን አገባኝ ብዬ ዝም አልኩ።» ወደ ቀስ በል ዞረ። «ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ።»

«እግዜር ይቅር ይበልህ» አለ ቀስ በል። «ብቻ ሁለተኛ ዞር ብለህ ሳታይ እንዳትከፍት።»

መርማሪው የነጋዴውን ቃል እንደ አዲስ መዘገበና ሌላ ወረቀት አወጣ። «በል፣ አንተም ተጨማሪ ቃል ስጥ። ይጻፍልህ?»

«አይ፣ እኔው እጽፋለሁ።»

«በምን ‹ተ›?»

ሚስቱ እስክሪብቶውን ቀማችው። የጀሶውን ክንድ ጠረጴዛ ላይ አጋድማ፣ ከክርን እስከ አንጓ በትልልቁ ጻፈችበት፦ ተ ቱ ቲ ታ ቴ ት ቶ። «ይኸው። ከአሁን በኋላ ቀረሁ የለም፤ ተሸክመሃቸዋል።»

ከገዛ ክንዱ እየገለበጠ ጻፈ። ሲጨርስ ነጋዴው ሰዓቱን አየና «ፈርምበትና እንሂድ» አለው።

«ላንብበው» አለ ቀስ በል።

ጣቱን ከመጀመሪያው ቃል ላይ አስቀመጠ። «ዳቦ... ተ-ጭ-ኜ... ስሄድ...» ቆመ። ግንባሩን ቋጠረ። ተሻግሮ ያየው መርማሪ «ኧረ ተወው፤ አንተ ዳቦ ላይ አልተጫንክ፣ ይገባናል» አለው።

«አይሆንም አለቃ» አለ ቀስ በል፣ ትርፏን «ተ» በእርጋታ እየሰረዘ። «ኋላ ነጂው ዳቦው ነበር ብላችሁ እሱን ልትከሱት ነው።»

መርማሪው ሳቁን ሳይጨርስ የብስክሌቱን መልቀቂያ ማህተም መታ።