ክርስትና እናት አትሆኚም የተባልኩ ዕለት

ነገሩ የሆነው ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘ በሦስተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ጠፈፍ ሲል ነው። ያኔ ገና ወጣት ነበርኩ፤ ዛሬ መነጽሬን ካላደረግሁ ይህንንም መጻፍ አልችልም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አይቻለሁ፣ ብዙውንም ረስቼዋለሁ። ያቺን ጠዋት ግን ልርሳሽ ብላትም እሺ አትለኝም።

እኔና ጥሩወርቅ ቂርቆስ ሰፈር አንዲት የጭቃ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። ሥራችን ልብስ ማጠብ ነው። ጣሊያኖቹ ዛሬ ካዛንቺስ በሚባለው በኩል ለሹሞቻቸው ቤት ይሠሩ ስለነበር የሚታጠብ አንሶላና ሸሚዝ አጥተን አናውቅም። ለጠየቀን ሰው እኅትማማቾች ነን እንላለን። አልነበርንም። እንደ ባልና ሚስት ነበር የምንኖረው፣ በቃ። ዛሬ እንደኛ ላለ ሰው ብዙ ስም ወጥቶለታል፣ አብዛኛውም ስድብ ነው። ያኔ እኛ ለራሳችን ስም አልነበረንም፤ እንዲኖረንም አላማረንም።

ሁለታችንም ቤተ ክርስቲያን ሳሚዎች ነበርን። አባቴ ደብተራ ስለነበሩ ፊደል አስቆጥረውኛል፤ ሥርዓቱንም ከእሳቸው ስሰማ ነው ያደግሁት። ባልና ሚስት ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ይለያያሉ፤ ወንዱ በወንዶች በኩል፣ ሴቷ በሴቶች በኩል ትቆማለች። እኔና ጥሩዬ ግን ቅዳሴው እስኪያልቅ ጎን ለጎን ነን። በዚህ ነገር ቤታችን ገብተን እንስቅ ነበር።

ጎረቤታችን ዘነበች ትባላለች። ባሏ ጫካ ገብቶ አርበኛ ሆኗል፤ እሷ ነፍሰ ጡር ነበረች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለጣሊያን ያደሩ ባንዳዎች ሊይዟት እየመጡ መሆኑን ሰማችና ሮጠች። መጀመሪያ ያንኳኳችው የእትዬ አሰገደችን በር ነው። እትዬ አሰገደች ባል ያላቸው፣ የተከበሩ ሴት ናቸው። አልከፈቱላትም። እኛ ጋ ስትደርስ ምጡ ጀምሯታል።

ጥሩዬ ወዲያው ገበቴዋን በራፉ ላይ ዘረጋችና የጣሊያን ልብስ ትዘፈዝፍ ጀመር። ባንዳዎቹ ሲመጡ፣ "ይሄ የሻለቃው ልብስ ነው! በጭቃ እግራችሁ ብትረግጡት ለሱ የምትመልሱት እናንተ ናችሁ!" ብላ ጮኸችባቸው። ተነጫነጩና ሄዱ፤ ከዚያ ወዲያም አልተመለሱም። እኔ ውስጥ ሆኜ፣ ዘነበች ነጠላዋን ነክሳ፣ ልጅቱን ተቀበልኩ። እትብቷን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

ዘነበች ገና አራስ ሳለች፣ "ክርስትናዋን የምታነሺልኝ አንቺ ነሽ" አለችኝ። ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ! ልጅ እንደማልወልድ አውቀዋለሁ። ክርስትና እናት ግን እናት ናት።

ሰማንያ ቀኗ ሲሞላ በጠዋት ወደ ደብራችን ሄድን። የሰፈር ሴቶችም አብረውን መጡ። ክርስትና ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ቄሱ፣ መምሬ ወልዴ፣ ለብቻዬ ጠሩኝ።

"ሙሉነሽ፣ ይህችን ልጅ አንቺ አታነሻትም" አሉኝ።

"ምነው አባቴ?"

"ስለ አንቺና ስለ ጥሩወርቅ የነገሩኝ ነገር አለ። ሐሰት ነው ካልሽኝ አምንሻለሁ።"

ማን እንደነገራቸው መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ እትዬ አሰገደች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እኛን እኛን ያያሉ። መምሬ ወልዴ ክፉ ሰው አልነበሩም። ጣሊያን የሰቀለውን ሰው ፍትሐት ለማድረስ ሌላው ሲፈራ የሚሄዱት እሳቸው ነበሩ። ለዚህ ነው ልዋሻቸው ያልቻልኩት።

"ሐሰት አይደለም" አልኳቸው።

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እንግዲያው ዛሬውኑ ከዚያ ቤት እወጣለሁ በይኝ። አንድ ቃል ነው። አሁን አስገባሻለሁ።"

ጥሩዬን አየኋት። ዛፉ ሥር ቆማ የልጅቱን ነጭ ልብስ በሁለት እጇ ይዛለች፤ ምን እንደምንባባል አልሰማችም። ያቺን አንድ ቃል ብናገር ማን ያውቅብኛል? ማታ ቤቴ ብገባስ ማን ያየኛል? ግን ልገባበት ያለውን ሥርዓት አውቀዋለሁ። ክርስትና የምታነሳዋ ሴት ሕፃኗን ታቅፋ ወደ ምዕራብ ትዞርና በሕፃኗ ፈንታ ሰይጣንን ትክዳለች፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞራ ታምናለች። ልጅቱ አፍ የላትም፣ አፏ እኔ ነኝ። በር ላይ ውሸት የተናገርኩበትን አፍ እንዴት ላውሳት?

"አባቴ፣ ሰይጣንን ካጂ ይበሉኝ፣ አሁኑኑ እክደዋለሁ" አልኩ። "ጥሩወርቅን ግን አልክዳትም።"

ድምፄ ሳላውቀው ከፍ ብሎ ነበር። ሁሉም ሰማ። ጥሩዬም ሰማች።

እትዬ አሰገደች ቶሎ ብለው ወደ ፊት መጡ። "እኔ አነሳታለሁ፤ ልጅቱ ምን በደለች?"

ዘነበች ልጇን ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። "ሳንኳኳ ያልከፈቱልኝ ሰው ልጄን አይነኩም። መምሬ፣ ሙሉነሽ ካላነሳቻት ይዣት ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።"

ይህን ማለት ለእሷ ቀላል አልነበረም። የመጀመሪያ ልጇ ሳይጠመቅ ነው የሞተባት። ያን ጊዜ ሕፃን ዛሬ አለ ሲሉት ነገ የለም፤ ይዛት ብትመለስና አንድ ነገር ብትሆንባት ራሷን እንደማትምር አውቃለሁ። "ዘኔ፣ ተይ፣ ትጠመቅልሽ። ማንም ያንሳት" አልኳት።

"አንቺ ዝም በይ" አለችኝ።

መምሬ ወልዴ ጨነቃቸው። ወደ ሴቶቹ ዞሩና፣ "ከእናንተ መሃል የምታነሳት አንዲት ሴት ትጥፋ?" አሉ።

አንዷ፣ "እኔ እህል ቀምሻለሁ" አለች። እህል የቀመሰ ሰው ደግሞ አይገባም። ሁለተኛዋ መሬት መሬት እያየች፣ "እኔ ግዳጅ ላይ ነኝ" አለች፤ የወር አበባዬ ላይ ነኝ ማለቷ ነው፤ እሷም መግባት አትችልም። "እኔም" አለች ቀጥላ የቆመችው። "እኔም።" "እኔም አባቴ።" ከመካከላቸው መንገድ ላይ ሲያዩን ፊታቸውን የሚያዞሩብን ነበሩ። ለምን እንዲያ እንዳሉ እስከ ዛሬ አንዳቸውንም አልጠየቅሁም። ዘነበች ስታምጥ በየቤታቸው ሆነው የጥሩዬን ጩኸት ሰምተው ነበር፤ እኔ የማውቀው ይህን ብቻ ነው።

በመጨረሻ የቀሩት እማማ ተዋበች ናቸው። ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ፣ ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ "እኔም ግዳጅ ላይ ነኝ" አሉ።

"እርስዎ?" አሉ መምሬ ወልዴ።

"ሣራስ ብትሆን የወለደችው በእርጅናዋ አይደል እንዴ፣ አባቴ?"

አንዷ ሳቋ አምልጧት በነጠላዋ አፈነችው። መምሬ ወልዴ ግን አልሳቁም። መስቀላቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ረጅም ጊዜ ቆሙ። እኔ ይቆጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ወደ እኔ ሲመጡ ፊታቸው የደከመ ሰው ፊት ነው።

"ሙሉነሽ፣ አልፈታሁሽም" አሉኝ። "ከዚያ ቤት ካልወጣሽ ሥጋ ወደሙን አላቀብልሽም። ይህችን ልጅ ግን ያለ ክርስትና አልመልሳትም። ዕዳው በኔ አንገት ይሁን። ግቢ።"

ገባሁ። ልጅቱን ታቅፌ ወደ ምዕራብ ዞርኩና ሰይጣንን ካድኩት። እንደዚያን ቀን ከልቤ የተናገርኩት ቃል የለም። ወደ ምሥራቅ ዞሬም በልጅቱ ፈንታ አመንኩ። ውሃው ሲነካት ልጅቱ ጩኸቷን ለቀቀችው፤ ውጭ ያሉት ሴቶች ጩኸቷን ሲሰሙ እልል አሉ። ማተቧ ታስሮላት ስንወጣ በነጩ ልብስ የተቀበለችን ጥሩዬ ናት። እትዬ አሰገደች ሄደው ነበር።

መምሬ ወልዴ እስኪሞቱ ድረስ በቃላቸው ጸኑ። ከሳቸው በኋላ የመጡትም ቄሶች ሲጠይቁኝ እውነቱን እነግራቸዋለሁ፣ እነሱም ያንኑ መልስ ይሰጡኛል። ጥሩዬ እጄ ላይ ካረፈች ብዙ ዓመት ሆናት። ስትቀበር ክርስትና ልጄ ከነልጆቿ መጥታ አጠገቤ ቆመች፤ ለቅሶ ደራሹንም "እናቴን አጽኑልኝ" ትል ነበር።

አንዳንዱ ሰው፣ "ካልፈለጉሽ ለምን ቤተ ክርስቲያን ትመላለሻለሽ?" ይለኛል። ሌላው ደግሞ፣ "እሷም ሞታለች፤ ተሳስቼ ነበር በይና ተገላገይ" ይለኛል። ሁለቱም ያናድዱኛል። እግዚአብሔር የኔም አምላክ ነው፤ ከደጁ የሚያስወጣኝ የለም። ከጥሩዬ ጋር የኖርኩትን ዕድሜ ደግሞ ስሕተት ነበር አልልም።

መቁረብ ያምረኛል። ዛሬም ሰው ሲቆርብ ሳይ እንባዬ ይመጣል። ዋሽቼ ግን አልቆርብም።