በጥርሴ የፈታሁት ቋጠሮ

ሰው አላምንም። እናቴ «አንቺስ የገዛ ጥላሽንም ዘወር ብለሽ ታዪያለሽ» ትለኝ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ካርቱም ደግሞ ጠባዬን አባሰችው እንጂ አላሻለችውም። ማንሺያ ሰፈር፣ የምሠራበት መዳም ቤት ቀለበት ጠፋ ከተባለ መጀመሪያ የሚፈተሸው የሐበሻዋ ቦርሳ ነው። እንዲህ እየኖሩ ሰው ማመን ከየት ይመጣል?

ካርቱም ውስጥ ጦርነቱ ከመነሳቱ በፊት ነው። አዳሬ እዚያው መዳም ቤት ነበር፤ ሐሙስ ማታ ወጥቼ ቅዳሜ ጠዋት እመለሳለሁ። የአምስት ዓመት ልጄን ካላክላ ሰፈር፣ ከተከራየኋት ክፍል አጠገብ ለምትኖር ለአንዲት የጎጃም ሴት ትቼ ነው የምሄደው። እትዬ እላታለሁ። እንደኔ አዳራቸው ሰው ቤት የሆነ እናቶች ሁሉ ልጆቻቸውን ለሷ ይተዋሉ፤ ታበላለች፣ ታስተኛለች፣ ፊደል ታስቆጥራለች።

የልጄ ጣቶች ሰነፍ ነበሩ። ማንኪያ ይወድቅባታል፣ የቀሚሷን ቁልፍ መቆለፍ አትችልም። ሐኪሙ አገላብጦ አየና «ምንም የለባትም፣ ዝም ብላችሁ እጇን አሠሯት» አለ። መድረሳ፣ ትምህርት ቤት የምትገባበት ጊዜ ደርሷል፤ እርሳስ የማትይዝ ልጅ ማን ይቀበላል? ጭንቀቴን ለእትዬ ነገርኳት።

«አይዞሽ፣ ለኔ ተዪው» አለችኝ። ከዚያ ምን ብትል ጥሩ ነው? «መዳምሽ ቤት አሮጌ የእንጨት የልብስ መቆንጠጫ ካለ አምጪልኝ።»

አንድ ፌስታል ሞልቼ አመጣሁላት። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም፣ ግን ከነከነኝ።

ከዚያ ወዲያ ነገር መብዛት ጀመረ። ልጄ እራት እየበላን ፊቴን ትክ ብላ ታየኛለች። «ማማ፣ ሹሩባሽ ስንት ነው?» ትለኛለች። አገጬ ላይ ያለችውን ጥቁር ነጥብ በጣቷ ትነካለች። አንድ ሐሙስ ደግሞ ክፍሌ የሰቀልኩት አረንጓዴ ቀሚሴ ከግርጌው ጣት የምታህል ቁራጭ ጎድሎበት አገኘሁት። አይጥ ነው እንዳልል አይጥ በመቀስ አይቆርጥም። የክፍሉ ቁልፍ ደግሞ ከኔና ከእትዬ በቀር ማንም ጋ የለም።

ሌላ ሐሙስ ማታ አንድ ሀፍላ፣ ድግስ ላይ፣ ለአንዲት የሥራ ጓደኛዬ ነገርኳት። «ሴትዮዋ የጎጃም ናት አላልሽኝም?» አለችና ወንበሯን ከኔ ራቅ አደረገች። መተት መጠርጠሯ ገባኝ።

በማግስቱ ጁማ ጠዋት ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ እንደተኛች ልብሷን ላጥብ ብዬ ቦርሳዋን ፈተሽኩ። ከታች አንድ ነገር እጄን ወጋኝ። ሳወጣው መቆንጠጫ ነው፣ ሽቦው የወለቀ፤ ያው እኔው ያመጣሁት። ግን ሰው ሆኗል። ዓይን ተስሎለታል። በጥቁር ቀለም ሹሩባ ተሠርቶለታል፣ ልክ እንደኔ ስድስት። አገጩ ላይ ጥቁር ነጥብ አለ። የለበሰው የኔን አረንጓዴ ጨርቅ ነው፤ ከአንገቱ እስከ ወገቡ በቀይ ክር ተጠምጥሞ ተቋጥሯል፣ ተቋጥሯል፣ ተቋጥሯል።

ያ ረቢ! ጨርቄን ወስዳ፣ መልኬን ሠርታ፣ ወገቤን አስራ፣ ያውም በልጄ ቦርሳ!

እናቴ የታሰረ ነገር ዝም ብሎ አይቃጠልም ትል ነበር፤ ቋጠሮው አንድ በአንድ ካልተፈታ የታሰረው ሰው እንደታሰረ ይቀራል። ልጄ እንዳትነቃ መሬት ቁጭ ብዬ ጀመርኩ። በያንዳንዱ ቋጠሮ ላይ ከክፉ የሚጠብቀውን ሱራ፣ ቁል አዑዙን ቀራሁ። ዘጠኝ ነበሩ። ጥፍሬ አልፈታ ሲለኝ በጥርሴ ነከስኩት። እንዲህ አድርጎ የሚቋጥር የልጅ እጅ አይደለም፣ ያውም የኔ ልጅ እጅ፣ አልኩ በሆዴ። ክሩንና ጨርቁን ሽንት ቤት ጣልኩት። እርቃኑን የቀረውን እንጨት ጨብጬ ወደ እትዬ ቤት ገሰገስኩ። ልጄን ዛሬውኑ ከእጇ አወጣለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር።

ደጃፏ ላይ ቆሜ ያልሰደብኩት ስድብ የለም። እትዬ ሽንኩርት እየላጠች እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ በቢላዋዋ ወደ መስኮቱ ጠቆመችኝ። መቆንጠጫዎች ተደርድረዋል። አንዷ ሻሽ አስራለች፣ አንዷ መነጽር አላት፣ አንዷ በጣም ወፍራም ናት።

«እናቶቻችሁን ሥሩ አልኳቸው፣ ጣታቸው እንዲጠነክር» አለችኝ። «ደግሞ የወሎ ሰው ሆነሽ እኔን በመተት ትጠረጥሪኛለሽ? ጉድ እኮ ነው!»

«ቀሚሴስ?»

«ሌላ ጨርቅ ሰጥቻት ነበር። የማማ ካልሆነ ብላ አለቀሰች፣ ክፍልሽን ከፈትኩላትና ራሷ ቆረጠችው። ልነግርሽ ስል እንዳትነግሪያት አለችኝ። ቋጠሮውን ግን እኔ አልነካሁም። ክሩ ሲያመልጣት ታለቅሳለች፣ ደግማ ትይዛለች። ስድስት ሳምንት ፈጀባት። ትናንት የመጨረሻዋን ስትቋጥር እኔ ነኝ ያለቀስኩት። አንቺ ቅዳሜ ስትሄጂ አቅፋት ልትተኛ ነው የሠራቻት።»

ምነው ያን ጊዜ ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ! ይቅርታ እንኳ ሳልጠይቃት ወደ ክፍሌ ሮጥኩ።

ልጄ አልጋው ላይ ቁጭ ብላለች። ቦርሳዋ ክፍት ነው። እጄ ላይ ያለውን እንጨት ታያለች። እንጨቱን ሰጠኋት፣ ከዚያ አረንጓዴ ቀሚሴን አውርጄ ሌላ ቁራጭ ቆረጥኩላት። ከስፌት ዕቃዬ ክር አወጣሁ። ቀይ አልነበረኝም፣ ነጭ ነው። ክሩን በሁለት ጣቷ ይዛ ምላሷን አውጥታ አንድ ጊዜ ቋጠረች፤ ያ ማንኪያ የሚወድቅበት እጅ! ደስታዬ ልክ አጣ። ጫፉን ልያዝላት ብዬ እጄን ስዘረጋ እንጨቱን ወደ ደረቷ ሳበችው።

«ላ፣ ማማ» አለችኝ። «አንቺ ትፈቺዋለሽ።»

ጠዋት ተኝታ አልነበረም ለካ። እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ቋጠሮዋን በጥርሴ ስነክስ ዓይኗን ገልጣ ታየኝ ነበር።

ቅዳሜ ወደ ማንሺያ ልሄድ ስነሳ አሻንጉሊቷን አጣኋት። ትራሷ ሥር የለችም፣ ቦርሳዋም ውስጥ የለችም። የት እንዳስቀመጠቻት ብጠይቃት ልጄ አልነግርሽም አለችኝ።